የጊታር ድምፅና የሰው ድምፅ

በቋንቋችን ድምፅ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው በጆሮ የሚሰማው ነው፤ ይኸውም ክር ሲነካ፣ ደወል ሲደወል፣ ሰው ሲናገር የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ሰው በስብሰባ መካከል እጁን አንሥቶ ወይም በወረቀት ጽፎ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚመዝነው ጆሮ ሲሆን ሁለተኛውን የሚመዝነው ቁጥር ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ልዩነት የተነሣ ነው። ጊታር የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ባቆሙ ጊዜ፣ በመካከላቸው የሚነሣውን የሐሳብ ልዩነት በድምፅ ቆጠራ ቢጨርሱት ይበጃቸዋልን ወይስ ይጎዳቸዋል?

ነገሩ ለጊዜው የጨዋታ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በብዙ አገር ጊታር ወዳዶች በተገናኙበት ሁሉ «ከጊታር መቺዎች የሚበልጠው ማን ነው? ከእንጨቱ የትኛው ይሻላል? መምታት የሚገባው በጥፍር ነው ወይስ በጣት ሥጋ?» እያሉ ድምፅ መሰብሰብ የተለመደ ሆኗል። የቆጠራውን ውጤት የሚያየውም የሠለጠነው ጊታር መቺ ብቻ አይደለም። ለልጁ የመጀመሪያውን ጊታር ሊገዛ ገንዘቡን በእጁ ይዞ የሚያመነታ አባት ያየዋል። መማር የጀመረች ልጅም ታየዋለች። አባት ቁጥሩን አምኖ ከቤቱ ቀለብ ቀንሶ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል፤ ልጅቱም የወደደችው አመታት በብዙኃኑ ተሸንፎ ብታይ አፍራ ትተወዋለች። ስለዚህ ነገሩ የማኅበርን ሰላም፣ የቤትን ገንዘብና የልጅን ተስፋ የሚነካ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

አስቀድሞ ድምፅ መቁጠር ከንቱ ነው ማለታችን እንዳይመስል፣ መልካም የሚሠራበትን ስፍራ እንናገር። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ በተደረገ የከብት ትርኢት አንድ የሰባ በሬ ቀርቦ፣ ታርዶ ከተሰናዳ በኋላ ሥጋው ስንት እንደሚመዝን ሰዎች እየከፈሉ በወረቀት ጽፈው ገመቱ። ፍራንሲስ ጎልተን የሚባለው ሊቅ ከእነዚህ ወረቀቶች 787ቱን ተቀብሎ መረመረ፤ ያገኘውንም በ1907 አሳተመ። ግምቶቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ ደርድሮ በመካከል ያለውን ቢያይ 1,207 ፓውንድ ሆኖ አገኘው። ፓውንድ የተባለው የእንግሊዝ ሚዛን ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ነው። የበሬው ሥጋ በእውነት ሲመዘን 1,198 ፓውንድ ሆነ። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሳቱም።

ይህ የሚያስደንቅ ነገር ሊሆን የቻለው በሦስት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ለጥያቄው አንድ እውነተኛ መልስ አለው፤ ያንንም መልስ ሚዛን ያረጋግጠዋል። ሁለተኛ ገማቾቹ ግምታቸውን በየግላቸው ስለ ጻፉ አንዱ ሌላውን አላሳተውም። ሦስተኛ ገንዘብ ከፍለው ስለ ገቡ እያንዳንዱ ተጠንቅቆ ገምቷል።

እንደዚሁም አንድ ማኅበር ስለ ራሱ ሥራ ሲመክር ድምፅ መቁጠር ተገቢ ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ይሁን ወይስ እሑድ፣ የወር መዋጮው ስንት ይሁን፣ በመጪው በዓል አብረን የምንመታው ዜማ የትኛው ይሁን ቢባል፣ ከአባላቱ ፈቃድ በቀር ሌላ እውነት የሚፈለግበት ነገር የለም። ብዙዎቹ የፈቀዱት ሲሆን ጥቂቶቹም ለሚቀጥለው ተራቸውን ጠብቀው ይከተላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ኅብረት ነው።

ጭንቁ የሚመጣው ከዚህ አልፎ የውበትንና የእውነትን ነገር በእጅ ብዛት ለመወሰን በተሞከረ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ፣ የተቆጠረው ብዙ ስለ ሆነ ብቻ እውነት ይሆናል ማለት አይቻልም። በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደረግ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ የጥያቄ ወረቀት በየቤቱ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥም መልስ ተመለሰለት። ይህንን ቆጥሮ ላንደን የተባለው ዕጩ ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ነገር ግን ምርጫው በተፈጸመ ጊዜ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ የሰዎቹን ስም የሰበሰበው አብዛኛውን ከቴሌፎንና ከአውቶሞቢል መዝገብ ስለ ነበር፣ በዚያ የችግር ዘመን ቴሌፎንና አውቶሞቢል የሌለው ድኃ ከቁጥሩ ጎድሎ ነበር። ከዚህም በላይ ወረቀቱ ከደረሳቸው መካከል መልሰው የላኩት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋለፕ ከዚህ እጅግ ያነሱ ሰዎችን፣ ከየወገኑ ተመጣጥነው እንዲገኙ መርጦ ጠይቆ፣ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተናገረ። ከዚህ የምንማረው የተጠየቁት ስንት ናቸው ከማለት አስቀድሞ እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

በዚያው በ1936 በቺካጎ ይታተም የነበረው «ዳውን ቢት» የተባለው የሙዚቃ መጽሔት አንባቢዎቹ የወደዷቸውን ሙዚቀኞች በድምፅ እንዲመርጡ ማድረግ ጀመረ። በ1953 ደግሞ ከአንባቢዎቹ ለብቻ ሐያስያን የሚመርጡበትን ሌላ ቆጠራ ጨመረ። የአንባቢ ፍቅርና የሐያሲ ፍርድ በአንድ አቁማዳ ሊሰፈሩ እንደማይገባ አስተውሎ ይመስላል። የጊታር ማኅበር ግን የአሥር ዓመት መቺውንና የአሥር ቀን ጀማሪውን በአንድ ቁጥር ይደምራቸዋል፤ ከተደመሩም በኋላ የትኛው ድምፅ የማን እንደ ነበረ የሚለይ የለም።

የጊታር መቺዎችን ማዕረግ በቁጥር ለመወሰን ሲሞከር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የታላላቅ ጊታር መቺዎችን ስም በማዕረግ ተራ ሦስት ጊዜ አውጥቷል። በ1ኛው ጊዜ በ2003 የመረጠው አንድ ጸሐፊ ነበር፤ በ2011 ሙዚቀኞችና የሙያው ዐዋቂዎች ድምፅ ሰጡ፤ በ2023 ደግሞ የመጽሔቱ ጸሐፊዎች ቁጥሩን ወደ 250 አሳድገው አወጡት። ጂሚ ሄንድሪክስ በሦስቱም ጊዜ አንደኛ ሆነ። የሌሎቹ ተራ ግን እንዴት እንደ ተለዋወጠ እንመልከት። ኤዲ ቫን ሄለን በመጀመሪያው 70ኛ፣ በሁለተኛው 8ኛ፣ በሦስተኛው 4ኛ ሆነ። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባለው፣ የመንፈሳዊ መዝሙር ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር እየመታች በዓለም የታወቀችው ሴት፣ በ2003ም ሆነ በ2011 ከመቶዎቹ መካከል ስሟ አልተገኘም። በሁለቱም ጊዜ ከመቶው ሁለት ብቻ ሴቶች ነበሩ። በ2023 ግን 6ኛ ሆና ተጻፈች።

አንባብያን ያስተውሉ፤ ሮዜታ ታርፕ የሞተችው በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ክር አልነካችም፤ በሸክላ ላይ የቀረው ድምፅዋም አልጨመረም አልቀነሰም። ከመቶ ውጭ የነበረችው ስድስተኛ እስክትሆን የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ቆጠራ የሚናገረው ስለ ጊታር መቺው ሳይሆን ስለ መራጮቹ ዘመንና ስለ መራጮቹ ጆሮ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ የእርሷን አመታት ትከተል የነበረች አንዲት ልጅ ብትኖርና ስሟን ፈልጋ አጥታ ትምህርቱን ትታ ቢሆን፣ ከ20 ዓመት በኋላ የወጣው ቆጠራ የባከነውን ጊዜ አይመልስላትም።

ስለ እንጨቱም የሚደረገው ክርክር እንዲሁ ነው። የጊታሩ ጀርባና ጎን ከምን እንጨት ቢሠራ ድምፁ ያምራል የሚለው ጥያቄ ጊታር ወዳዶችን የማይሰለቻቸው ክርክር ነው፤ የብራዚል ሮዝዉድ የተባለው እንጨት ብርቅና ውድ ስለ ሆነ ብዙዎች ያደንቁታል። ዛሬ የምናውቀውን የስፔን ጊታር ቅርጽ የሰጠው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ ግን ገና በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከወፍራም ወረቀት የሆነ፣ ከክሮቹ ሥር ያለው የፊቱ ሳንቃ ብቻ ከመልካም እንጨት የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር። ይህንንም ያደረገው የድምፁ ምንጭ የፊቱ ሳንቃ መሆኑን በሥራ ለማስረዳት ነው። በ2018 የታተመ አንድ የእንግሊዝ አገር ምርመራ ደግሞ ነገሩን በጆሮ ፈተነው። በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት የሆኑ፣ በጀርባና በጎን እንጨት ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮች ተሠሩ። 52 ጊታር መቺዎችም እንጨቱን እንዳያዩ ጨለማ በሆነ መነጽር ዓይናቸው ተጋርዶ፣ ብርሃኑም ደብዝዞ፣ እያንዳንዱን መትተው ፈረዱ። ውዱ እንጨትና ርካሹ እንጨት በፍርዳቸው ተቀራረቡ፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ዓይናቸው ሳይጋረድ እጅ አውጡ ተብለው ቢሆን ኖሮ ውዱ እንጨት ብዙ እጅ ማግኘቱን ማን ይጠራጠራል? ያ ድምፅ ግን የጆሮ ድምፅ ሳይሆን የዝናና የዋጋ ድምፅ ይሆን ነበር። ለልጁ ጊታር የሚገዛው አባትም ሂሳቡን የሚከፍለው ለዚያ ዝና ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሰው የሌላውን ፍርድ አስቀድሞ ካየ የራሱን መስማት ያቆማል። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2006 ያሳተሙት አንድ ምርመራ ይህንን በግልጥ አሳይቷል። ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ያልታወቁ ሙዚቀኞች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች እየሰሙ የወደዱትን እንዲወስዱ ተደረገ። ከፊሎቹ የሌላውን ምርጫ ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት በ8 ክፍል ተከፍለው በየክፍላቸው እያንዳንዱን ዘፈን ስንት ሰው እንደ ወሰደው እያዩ መረጡ። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፤ የተተወውም ይበልጥ ተተወ። ደግሞም በአንዱ ክፍል የላቀው ዘፈን በሌላው ክፍል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። እጅግ መልካሙ ብዙ ጊዜ አይወድቅም፣ እጅግ ክፉውም ብዙ ጊዜ አይነሣም ነበር፤ በመካከል ያለው የብዙው ዘፈን ዕድል ግን አስቀድመው በደረሱት ጥቂት ሰዎች ተወሰነ። እጅ በግልጥ በሚነሣበት ማኅበርም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ታላቁ መቺ እጁን ሲያነሣ ተማሪዎቹ ተከትለው ያነሣሉ።

ሁሉም በቅንነትና በየግሉ ድምፅ ቢሰጥ እንኳ ቁጥሩ መልስ የማይሰጥበት ጊዜ አለ። ይህንን ኮንዶርሴ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1785 አስረድቷል። ለምሳሌ ሦስት ጓደኞች ለማኅበራቸው አንድ ጊታር ለመግዛት አስበው ከናይለን ክር፣ ከብረት ክርና ከኤሌክትሪክ ጊታር ይመርጣሉ እንበል። አንደኛው ናይለኑን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ ብረቱን፣ በመጨረሻ ኤሌክትሪኩን። ሁለተኛው ብረቱን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን፣ በመጨረሻ ናይለኑን። ሦስተኛው ኤሌክትሪኩን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ ናይለኑን፣ በመጨረሻ ብረቱን። እንግዲህ ሁለት ሁለቱን እያነጻጸርን ብንቆጥር፣ ናይለኑ ብረቱን በሁለት ድምፅ ለአንድ ያሸንፋል፤ ብረቱም ኤሌክትሪኩን በሁለት ለአንድ ያሸንፋል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ተመልሶ ናይለኑን በሁለት ለአንድ ያሸንፋል። ክርክሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል እንጂ አያልቅም። እነዚህ ሦስት ጓደኞች የሚያስፈልጋቸው እንደ ገና መቁጠር ሳይሆን ተቀምጠው መነጋገር ነው።

በፍርድ ሸንጎም ልማዱ ይህንን ያስተምራል። ዳኛ የምስክሮችን ቁጥር ብቻ አይቶ አይፈርድም፤ ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን፣ የት ቆመህ ነበር፣ ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና አለህን ብሎ ይመረምራል። አሥር ሰው ከአንድ ሰው የሰማውን ቢናገር ምስክርነቱ የአንድ ሰው ነው። ዳኞች ራሳቸው በብዙኃን ድምፅ ቢወስኑም ምክንያታቸውን ሳይጽፉ አይበይኑም፤ በሐሳብ የተለየውም ዳኛ ሐሳቡ ከመዝገቡ ይጻፍለታል። በአገራችን የዜማ ልማድም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስሜት አላቸው። ክራር መቺ እንደ ዘፈኑ ጠባይ ክሩን ይቃኛል እንጂ የትኛው ይበልጣል ብሎ እጅ አያስቆጥርም።

የጊታር ወዳዶች ጥንታዊ ጠብ ምናልባት የጥፍርና የጣት ሥጋ ነገር ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሁለት የስፔን ሊቃውንት ስለዚህ ተለያይተው ነበር። ፈርናንዶ ሶር ያለ ጥፍር በጣት ሥጋ ይመታ ነበር፤ ዲዮኒሲዮ አጉዋዶ በጥፍር ይመታ ነበር። ሁለቱም የጊታር ማስተማሪያ መጽሐፍ ጽፈዋል። ነገር ግን በፓሪስ አብረው ተቀምጠው አብረው ይመቱ ነበር፤ ሶርም «ሁለቱ ወዳጆች» የተባለውን ለሁለት ጊታር የሚሆን ዜማ ጽፎ ለአጉዋዶ መታሰቢያ አደረገው። ከእነርሱ በኋላ በመጡት ዘመናት ብዙዎቹ የጥፍርን መንገድ ያዙ፤ ሆኖም ፍራንሲስኮ ታሬጋ የተባለው ታላቅ መቺ በመጨረሻ ዕድሜው ጥፍሩን ትቶ በጣት ሥጋ መምታትን መረጠ። በሶርና በአጉዋዶ መካከል ድምፅ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ አንዱ አሸናፊ፣ ሌላው ተሸናፊ ሆኖ ይለያዩ ነበር፤ ሳይቆጠር በመቅረቱ ግን ሁለቱም መንገዶች እስከ ዛሬ ቆዩልን፤ ከዚያም በላይ አንድ መልካም ዜማ ተረፈን።

እንግዲህ ማኅበር ያቆሙ ጊታር ወዳዶች ቢሰሙን የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፤ ስለ ማኅበሩ ሥራ ድምፅ ይቆጠር፤ ስለ ውበት ግን አይቆጠር።

2ኛ፤ ድምፅ የሚሰጥ ቢሆን በምስጢር በወረቀት ይሁን፤ ሁሉም ሰጥቶ እስኪያበቃ ድረስ ቁጥሩ ለማንም አይገለጥ።

3ኛ፤ ከውጤቱ ጋር ስንት ሰው እንደ ተጠየቀ፣ ስንት ዓመት እንደ መታና የተጠየቀበትን ዕቃ በእጁ ይዞ ያውቅ እንደ ሆነ አብሮ ይጻፍ።

4ኛ፤ የትኛው ይበልጣል ተብሎ አይጠየቅ። በእጅህ ያለው ምንድር ነው፣ ስንት ጊዜ መታኸው፣ ምን በጎና ምን ችግር አገኘህበት ተብሎ ይጠየቅ። እንዲህ የተሰበሰበ መልስ ለጀማሪው ዕውቀት ይሆነዋል።

5ኛ፤ በቁጥር ያነሱት ሐሳብ ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ዘመን ሲለወጥ የሚፈለገው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ለወላጆችም አንዲት ቃል እንጨምር። ለልጅ የመጀመሪያ ጊታር ስትገዙ የብዙ ሰው ድምፅ ይበቃል አትበሉ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ጊታሩ ለቁመቱና ለክንዱ የተመጠነ መሆኑን ተመልከቱ፤ ለትንንሽ ልጆች ተብለው በመጠን አንሰው የሚሠሩ አሉና። ክሮቹ ከአንገቱ ብዙ ርቀው የቆሙ ከሆነ ለጣት ያስቸግራሉ፤ የናይለን ክር ደግሞ ከብረት ክር ይልቅ ለጀማሪ ጣት ይለሰልሳል። የክሩ መወጠሪያ የተቃኘውን ሳያላላ የሚይዝ መሆኑን ፈትኑ። በመጨረሻም መምታት የሚችል ሰው ከልጁ በስተ ኋላ ቆሞ ሁለት ሦስቱን ጊታር በየተራ ይምታለት፤ ልጁም ዋጋውንና ስሙን ሳያይ በጆሮው ይምረጥ። ያ ጊታር በቤታችሁ በየቀኑ የሚሰማው በልጁ ጆሮ ነውና፣ በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ድምፅ የእርሱ ሊሆን ይገባል።